ዳኛ የተቀመጠበት ጨዋታ

የፍኖተ ሰላምና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ከቡሬና ከሰከላ የመጣችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ደግሞም ከኋላ ወንበር ስልካችሁ ላይ ያቀረቀራችሁ ወጣቶች፤ ስልኩን አስቀምጡ አልልም፤ የዛሬው ወሬ እሱንም ይነካዋልና።

የመጣሁት ስለ ጨዋታ ልናገር ነው። «ጨዋታን ይጫወቱታል እንጂ ምን ይደሰኩሩበታል?» የሚል አባት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የሚሰበሰቡት የት ነው? ዱሮ ጆተኒው ዙሪያ ነበር፤ አሁን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በሩ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት፣ ሁለት ልጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ኳስ ሲጫወት ስምንት ልጅ ከኋላ ቆሞ የሚያሰለጥንበት ቤት የሌለበት ከተማ አሁን የለም ማለት ይቻላል። ሒሳቡ ብዙ ጊዜ በተሸናፊው ነው። ስለዚህ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ ወይ ጎበዝ መሆን አለበት፣ ወይ ቆሞ ማየት። እኔ የማተኩረው በእነዚያ ቆመው በሚያዩት ላይ ነው። «አቀብለው! በግራ! ምነው አንተ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ ይመክራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይቀልዳሉ። ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያወሩት እነሱ ናቸው። ጨዋታው ግን አይሰማቸውም። ቢሰማቸው ምን ዓይነት ጨዋታ ይሆን ነበር?

እንዲህ ያለ ጨዋታ በዓለም ላይ አለ፤ ሃምሳ ዓመትም አልፎታል። በእኛ አገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ስም ልስጠውና የሚና ጨዋታ እለዋለሁ። አራት ወይም አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ዳኛ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ከአገሩ የተሰደደ ወታደር። ዳኛው «ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ከማዶ ጭስ ይታያል» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፤ ዳኛው የሚከተለውን ይናገራል። ነገሩ ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ከሆነ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይወስናል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ቢመሽ ታሪኩ ካቆመበት በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል። አንዳንዶች አንዱን ታሪክ ለዓመታት ይዘውት ይዘልቃሉ።

የዚህ ጨዋታ የዘር ሐረግ ጦር ሜዳ ላይ ይጀምራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የፕሩሲያ መኮንኖች ክሪግስሽፒል የሚሉት የጦርነት ጨዋታ ነበራቸው። ካርታ ይዘረጋል፣ ሁለት ወገን ይሰለፋል፣ በመካከል ዳኛ ይቀመጣል። ዳኛው ለእያንዳንዱ ወገን የሚነግረው ያ ወገን በእውነተኛ ሜዳ ላይ ሊያየውና ሊሰማው የሚችለውን ብቻ ነው።

የዚህን ዳኛ ጥቅም የቡሬ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. በቡሬ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከበለያ በኩል የመጣውና በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ግን ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ጥቂቱ ጦር በሌሊት ከዚህም ከዚያም ይተኩሳል፤ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል፤ በዱር በገደሉ ያለው አርበኛ ደግሞ በወሬ ላይ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በመጨረሻ የጣሊያኑ አዛዥ ምሽጉን ለቆ ወደ ደንበጫ አፈገፈገ። ደንበጫ አጠገብ አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ድንገት ከፊቱ ተገኘና ከባድ ውጊያ ሆነ። ያንን ምሽግ ያስለቀቀው ትልቁ መሣሪያ የጠላትን ቁጥር አለማወቅ ነበር። እንግዲህ ይህንን ጨዋታ ልታደርጉት ብትነሡ፣ አዛዡን ሆኖ ለሚጫወተው ሰው እየተርበተበተ የሚገባ መልእክተኛ ሆኖ «ጌታዬ፣ ጫካው ሁሉ ሰው ነው» የሚለው ማነው? የኮምፒውተር ጨዋታም ካርታውን በጭጋግ መሸፈን ያውቅበታል። የፈራ ሰው እንዴት እንደሚያጋንን ግን ቀድሞ ካልተጻፈለት በቀር አያውቅም። ዳኛው ደግሞ ፈርቶ ስለሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ዘር ሐረጉ ልመለስ፤ አሳጥረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ አሜሪካዊ በሚኒሶታ ከጓደኞቹ ጋር የጦርነት ጨዋታ ሲጫወት አንድ ነገር ጨመረ። ብራውንስታይን የምትባል በሐሳብ የተፈጠረች የፕሩሲያ ከተማ አዘጋጀና ጦሩን ብቻ ሳይሆን የከተማዋን ሰዎችም ለተጫዋቾች አከፋፈለ። አንዱ የባንክ ባለቤት ሆነ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ። እነሱም ጦርነቱን ትተው ጎን ለጎን እየሄዱ መንሾካሾክ፣ መዋዋልና መካካድ ጀመሩ። ጨዋታው ከእጁ ወጣ። ዌስሊ መጀመሪያ የተበላሸበት መስሎት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን «ድገመው» አሉት። ከእነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው፤ እሱ ደግሞ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በጥር 1974 እ.ኤ.አ. ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በአንድ ሣጥን ሦስት ትናንሽ መጻሕፍት፣ የመጀመሪያው እትም አንድ ሺህ ቅጂ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ ወዲያው ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1976 ዊል ክራውዘር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ዋሻ መመርመር የሚወድና ይህንኑ የጠረጴዛ ጨዋታ የሚጫወት ሰው፣ በኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ መሠረት አድርጎ አንድ የጽሑፍ ጨዋታ ሠራ። ሥዕል የለውም። ማሽኑ «ከትንሽ ቤት ፊት ቆመሃል» ብሎ ይጽፍልሃል፣ አንተ በአንድ ወይም በሁለት ቃል የምታደርገውን ትጽፍለታለህ። ከመዝገበ ቃላቱ ውጭ የሆነ ነገር ከጻፍክለት አልገባኝም ይልሃል። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ከዚያ ብዙ ርቀዋል። የቤልጂጉ ላሪያን ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባልደርስ ጌት 3 የሚሠራው በዚያው በጠረጴዛው ጨዋታ ሕግ ነው፤ ፊት፣ ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ደመናና ዝናብ ሁሉ አለው። ያም ሆኖ «አልገባኝም» የሚለው መልስ አልቀረም። መልኩን አሳምሮ ነው የመጣው። አሁን የማይከፈት በር ይሆናል፤ ሊዘለል የሚችል መስሎ የማይዘለል አጥር ይሆናል፤ ወይም አንድን ዓረፍተ ነገር ብቻ እየደጋገመ የሚያናግርህ ሰው ይሆናል።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ጥቂት ወጣቶች የሞከርነው ነው። ታሪኩን ከዚሁ ከግሽ ዓባይ ወሰድኩት። ዘመኑ 1763 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ሰከላ እየመጣ ነው። እርግጥ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከእሱ መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ በ1610 ዓ.ም. ምንጩን አይቶታል፤ ብሩስ ይህን ማመን አልፈለገም። የአገሩ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት በየዓመቱ ያየው ነበር፤ እሱን ማንም አልጻፈውም። ብሩስ ራሱ እንደተረከው መንገድ መሪው ወልዶ በደረሱበት ሰዓት ያመመው መስሎ ማነከስ ጀመረ። ፈልጎት የነበረው ብሩስ የታጠቀውን ቀይ የሐር መቀነት ነበር። ብሩስ ገባውና መቀነቱን ሰጠው፤ ወልዶም ተፈወሰ።

ለጨዋታው ሦስት ሚና አዘጋጀሁ፤ መንገድ መሪው፣ የአካባቢው ዲያቆንና ማር ወደ ገበያ የምታወርድ አንዲት ሴት። ማር ሻጯን የጨመርኳት ሰው እንዲበዛ ብዬ ነበር እንጂ ምንም ሥራ አልሰጠኋትም። ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ስላልነበረን ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈበት ወረቀት ጠቅልለን ባርኔጣ ውስጥ ከተትን፤ ዕጣ ሆነ።

«እንግዳው በበቅሎ ላይ ነው። ከኮረብታው ጫፍ ደርሳችኋል። ወገቡ ላይ ቀይ የሐር መቀነት አለ» አልኩ።

መሪውን የያዘው ልጅ የብሩስን መጽሐፍ አላነበበም። ግን ጊዜ አላጠፋም። «እግሬን አሞኛል፤ ከዚህ አልነቃነቅም። መቀነቱን ታጥቄ ከሆነ ግን ወገቤ ስለሚጠና ልሞክር እችላለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ዕጣ አወጣ፤ 14። እንግዳው ማመንታት ጀመረ።

በዚህ መካከል ማር ሻጯን የያዘችው ልጅ ገባች። «እኔ መንገዱን በነፃ አሳየዋለሁ።»

መሪው ጮኸ፤ «አንቺ ምን አገባሽ!»

«ለምን በነፃ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ እንደ ዳኛ ማወቅ ነበረብኝ።

«መንገዱ ነፃ ነው፣ በቅሎው ግን ነፃ አይደለም። እሱ ምንጩን እስኪያይ ድረስ የጭነት በቅሎዎቹ ሥራ ፈትተው ነው የሚቆሙት። ሁለቱን ጋን ማሬን ገበያ ያደርሱልኝ።»

ዲያቆኑ ደግሞ ዝም ብሎ ቆይቶ ነገሩን ሌላ መልክ አስያዘው። «ፈረንጁ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምንጩ አይወርድም። ይህን የምነግረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁለታችሁም በእኔ በኩል ነው የምታልፉት።» በነገራችን ላይ ብሩስም በእውነት ጫማውን አውልቆ ነው የወረደው፤ ቁልቁለቱ ላይም ሁለት ጊዜ እንደወደቀ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ ምንጩ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሦስቱ ተከራከሩ፣ ተዋዋሉ፣ ዋስ ጠሩ። እኔ ያዘጋጀሁትን ገጽ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አሁን ይህንኑ ታሪክ የኮምፒውተር ጨዋታ አድርጋችሁ አስቡት። መሪው ሲያነክስ በስክሪኑ ታች ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ መቀነቱን ስጥ፣ ገንዘብ ስጥ፣ አስፈራራ። ማር ሻጯ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ጠጋ ብትሏት «ማር ትገዛለህ?» ትላለች። መቶ ጊዜ ብትመለሱ መቶ ጊዜ «ማር ትገዛለህ?» ትላለች። የበቅሎው ሐሳብ እንዲመጣላት ከዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ በቢሮው ተቀምጦ አስቦላት መሆን አለበት። የጠረጴዛው ጨዋታ የሚቆመው «ይህንስ ባደርግ?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ያንን ጥያቄ የሚሰማ፣ የሚመዝን፣ «ይሁን» ወይም «አይሆንም፣ ምክንያቱም…» የሚል ሰው ተቀምጧል። በኮምፒውተሩ ጨዋታ ጥያቄው የተመለሰው ገና ሳትጠይቁ ነው።

የኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ይህን ዓይነት ጨዋታ የጎጃም ሰው ከአሜሪካ መማር አያስፈልገውም፤ ሣጥኑን ብቻ ነው ያልሠራነው። ማስረጃ ላቅርብ።

በላ ልበልሃን አስቡ። በየዛፉ ጥላ ሥር በተቀመጠ ዳኛ ፊት ሁለት ሙግተኛ ቆሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ በቃል አወራርዶ ይሟገት ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ነገር አዋቂ የሆነ ጠበቃ የሚናገረው ስለራሱ ጉዳይ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሚና ይዞ ነው የሚቆመው። ማር ይወራረዳል፣ በቅሎ ይወራረዳል። ሕጉ አለ፤ ሥርዓቱ አለ፤ ግን ማን ምን እንደሚል ማንም ቀድሞ አያውቅም፤ ዳኛውም ጭምር። የእረኛ ልጆችም በሜዳ ላይ ይህንኑ ይጫወቱት ነበር። አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳኛ ይሆናል፤ አንዱ በሬው እህል የበላበት ባላገር፤ አንዱ በሬው አልበላም ባይ። የሚገርመው ዳኛ የሚሆነው ልጅ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚበረታው አልነበረም፤ ነገር የሚችለው ነበር።

እንቆቅልሽም አለላችሁ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ተባብለን ጥያቄው ይቀርባል። መልሱ ከጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን፣ ሸዋን፣ ወለጋን። ጨዋታው በእርግጥ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ያሸነፈው ልጅ በተሰጠው አገር ገብቶ ይነግሣል፤ የሚበላውን፣ የሚለብሰውን፣ የሚሾመውን ይዘረዝራል፤ የተሸነፈውን ደግሞ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ ምን ሲበላ እንደሚያድር እያሰፋ ይናገራል። አያቶች ከምድጃው ዳር ሆነው «አገሩ አንሷል፣ ጨምርለት» ይላሉ። ይህ ከሚና ጨዋታ በምን ይለያል? በእንቆቅልሽ የሚሰጠው አገር እንዲያውም ለብሩስ ከተሰጠው አገር የራቀ አይደለም። አፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ግሽን ለብሩስ ሰጥተውት ነበር፤ ብሩስም በኩራት ጽፎታል። በዚያ ጊዜ ግን ዳሞትንና አገውን በእጁ የያዘው ፋሲል የተባለ የጦር አለቃ ነበርና ስጦታው እንቆቅልሽ ላይ እንደሚሰጠው አገር ዓይነት ነበር። ብሩስ የኋላ ኋላ ከፋሲል ፈቃድ መቀበል ነበረበት።

ሦስተኛው ማስረጃዬ ቅኔ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ጎጃም ላይ ቆሞ ቅኔን አልፎ መሄድ ነውር ነውና። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ለኮረብታ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ማታ ወደ የኔታ ይቀርባል። በቃሉ ያወርዳል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልተሳካ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያቋርጡታል፤ ያርሙታል። ካማረ «ይበል!» ይባላል። የኔታ የሚሰሙት ዛሬ ማታ ከመወለዱ በፊት ያልነበረን ነገር ነው፤ ስለዚህ ፍርዳቸውን ቀድመው ሊያዘጋጁት አይችሉም። ሕጉ ግን በልባቸው አለ። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ቤት ልማድ ቢለያይም ይህ አቀማመጥ አንድ ነው፤ ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ አዲስ ነገር ይዞ የሚቀርብ አንድ ሰው፣ ዙሪያውን የሚሰሙ ጓደኞች። ዌስሊ በሚኒሶታ ያገኘው ነገር ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰል ያስቀኛል፤ ለእሱ ድንገተኛ ነበር፤ እኛ ዘንድ በየምሽቱ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልከራከር፤ አለዚያ ጭብጨባው አንድ ወገን ይሆናል። ዳኛ ሰው በመሆኑ የሚመጣውን መከራ የማታውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ? ዳኛ ዘመድ አለው። ዳኛ ይደክማል። ዳኛ የሚወዳት ልጅ ስትናገር ይሰማል፣ የማይወደው ሲናገር ያዛጋል። ከላይ በነገርኳችሁ ጨዋታ ላይ እንኳ የበቅሎው ሐሳብ ስላስደሰተኝ ለማር ሻጯ ሳላደላ አልቀረሁም፤ መሪውን የያዘው ልጅ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ማሽኑ ዘመድ የለውም። የሀብታም ልጅም የድሃ ልጅም ቁልፉን አንድ ዓይነት ከተጫነ አንድ ዓይነት ግብ ነው የሚቆጠርለት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ያጣ ሰው ብቻውን ሊጫወትበት ይችላል። ሰው ፊት መናገር የሚያንቀጠቅጠው ልጅ እዚያ ውስጥ ጀግና ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የጠረጴዛውን ጨዋታ የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን ሲዘልሉት ይሉኝታ እንደሌላቸው ይሰማኛል።

ሌላም አለ። ሕጉ ሙሉ የሆነ ጨዋታ ወደ ማሽን ሲገባ ብዙ አይጎድልበትም። ገበጣን ውሰዱ፤ ጠጠሩ ይቆጠራል፣ ይዘራል፣ ይበላል፤ «ይህንስ ባደርግ?» የሚባል ነገር የለበትም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ገበጣን በስልክ ላይ አውጥቶታል፤ ከበዓል ቢላ የምትሸሽ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉንም የሠራው እሱ ነው። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሰንጠረዥ፣ የአገራችን ቼዝ፣ ግን ያጠራጥረኛል። በዱሮው የአገራችን ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል አልነበረም፤ ሁለቱም ተጫዋች እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፣ የጠላትን አሰላለፍ እያዩ ያፈርሳሉ፣ ይሠራሉ። በስልክ ላይ ይህ የጣት ፍጥነት ውድድር ይሆናል። በሰሌዳው ላይ ግን የዓይን ጨዋታ ነበር፤ ባላጋራህ እጁን ዘርግቶ ሳይነካ ሲመልስ ታያለህ።  

«አሁንማ ማሽኑ ራሱ ዳኛ ሆኗል» የሚለኝ ወጣት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከኋላ ሁለት ሦስት እጅ ሊነሣ ሲል አይቻለሁ። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤአይ ደንጀን የተባለ ጨዋታ ወጣ፤ ያሰኘህን ጻፍለት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታሪኩን ይቀጥልልሃል። የተዘጋ በር የለም። «አልገባኝም» የለም። ግን ሌላ ጉድ አለው፤ እምቢ ማለት ይቸግረዋል። «ከኪሴ መድፍ አወጣሁ» ብትለው መድፉን ይተኩስልሃል። ከጥቂት ገጽ በፊት የሞተውን ሰው አስነሥቶ ያወራልሃል። ዳኛ የሚከበረው ደግሞ «ይህ አይሆንም» ሲል ነው። ማሽኑ ይህንንም እየተማረ ነው ይባላል፤ ይማር። በአማርኛ፣ በጎጃምኛ ነገር አመጣጥ ሲማር ደግሞ እንጠራዋለን።

ወላጆች፣ አንድ ጥያቄ በሆዳችሁ እንዳለ አውቃለሁ፤ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ጥንቆላ የለበትም ወይ?» በአሜሪካም ይህ ተጠይቋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨዋታው የሰይጣን አምልኮ ነው፣ ልጆችን ራሳቸውን እንዲያጠፉ ይገፋል የሚል ትልቅ ዘመቻ ተነሥቶ ነበር፤ አንዲት እናት ማኅበር አቋቁማ ተሟግታለች። በኋላ ክሱ በማስረጃ አልቆመም። ነገሩ ግን በእጃችሁ ያለ ነው። የፈረንጆቹ ሣጥን ውስጥ ዘንዶና ጠንቋይ አለ፤ የኛን ታሪክ የምንመርጠው እኛ ነን። በቡሬ ምሽግ ዙሪያ የሚሆነውን፣ የምንጩን መንገድ፣ የበልግ ዝናብ ያጣችን አንዲት ቀበሌ። እኔ ይልቅ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ በአዋቂዎች ጨዋታ ላይ አለቃ የሆነ ሰው ዳኛ ሲሆን። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚያውቅ ሕዝብ ነን፤ በዚያች ቀን ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢሸነቁጠው ይታለፋል። በጠረጴዛው ዙሪያም እንዲሁ ካልሆነ፣ ርእሰ መምህሩ ዳኛ ሆነው መምህሩ «ይህንስ ባደርግ?» ለማለት የሚፈራ ከሆነ፣ ፕሌይስቴሽኑ ይሻላል።

ወጪውን ለሚጠይቁ፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ባርኔጣ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ በኔትወርክ የሚጫወቱት ጨዋታዎች ሁሉ ቆመው እንደነበር ወጣቶቹ ያስታውሳሉ። መብራት ሲጠፋ ፕሌይስቴሽን ቤቱም ይዘጋል። ይህ ጨዋታ ግን ሻማ ይበቃዋል። አስቸጋሪው ዳኛ ማግኘት ነው። ጥሩ ዳኛ ብዙ ማወቅ የለበትም፤ ግን ሌላው ሲናገር ቀጥሎ የሚለውን እያሰበ የማይሰማ ሰው ከሆነ ጨዋታውን ይገድለዋል። ከልምዴ የታዘብኩት ጥሩ ዳኛ የሚወጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ገበያ ላይ ያደጉ ሴቶች። ለሁለተኛዎቹ ማብራሪያ የለኝም፤ ቅዳሜ ዕለት ያቺን ማር ሻጭ ካየሁ በኋላ ግን ጥርጣሬ የለኝም። በሚቀጥለው ጨዋታ ዳኛዋ እሷ ናት።

ለዛሬ ያመጣሁት የቡሬውን ነው። ሚናዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ በምሽጉ ውስጥ፣ አራቱ በውጭ። ጠረጴዛው በቀኝ በኩል ተዘጋጅቷል፤ ዕጣው ተጠቅልሏል። ከአዳራሹ ስድስት ሰው እፈልጋለሁ፤ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ ከቡሬ ወደ ደንበጫ የሚወስደውን የዱሮ መንገድ በእግሩ የሚያውቅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካርታዬ እዚያ ላይ አያስተማምንም። የቀራችሁት ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ። መጮህ፣ መምከር፣ መሳደብም ይቻላል፤ ዳኛው ይሰማል።